እናቴን ወደ ቴአትር የመለሰቻት ልጅ

ይህን ጽሁፍ ከሁለት ሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ቁጭ ባልኩ ቁጥር ሆዴ እየባባ ተውኩት። ዛሬ የቀጣዩ ወር ፕሮግራም ወጣ። እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና መነጽሯን አድርጋ ታነብ ጀመር። እሱን ሳይ፣ በቃ ዛሬ ሳልጽፍ አላድርም አልኩ።

ምስጋናዬ በትንሿ ከተማችን የማኅበረሰብ ቴአትር ቤት ትኬት መስኮት ላይ ለምትቀመጠው ልጅ ነው። ስሟን አልጠራም፤ መጠራት የምትወድ ዓይነት ሰው አይደለችም። ግን እዚያ ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። ትኬት ትቆርጣለች፣ ሰው ታስገባለች፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ደግሞ ወንበር ስር የወደቀ ወረቀት ስትለቅም ታገኟታላችሁ።

እናቴ ቴአትር ወዳጅ ናት። ልጆች እያለን ማታ ያየችውን ጠዋት ትተውንልን ነበር፤ የሽማግሌውንም የሙሽራዋንም ድምፅ እየለዋወጠች። ጆሮዋ መድከም የጀመረው የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ማዳመጫ ተገዛላት። ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊት ለሚያወራ ሰው ጥሩ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመድረኩ ንግግር ይልቅ የጎረቤቷ ሳልና የወንበሩ ሲጥሲጥታ ጎልቶ ይመጣባታል።

ሌላ ቦታ የደረሰብንን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ቁጭቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ቀድሜ ደውዬ፣ ለመስማት ለሚቸገር ሰው የሚሆን መሣሪያ አላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። አለ ተባልኩ። ስንደርስ መሣሪያው አለ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን ዛሬ አልገባም። ከኋላ፣ ጥግ ላይ አስቀመጡን። እናቴ «ምን አለ?» ትለኛለች፣ እኔ ጆሮዋ ስር አንሾካሹካለሁ፣ የፊቶቹ ዞረው ያፈጡብናል። በመጨረሻ አስተናጋጁ መጣና ባትሪውን እናቴ ፊት ላይ አብርቶ «የማይሰማቸው ከሆነ ለምን ይዘሻቸው መጣሽ?» አለኝ። እኔን ነው ያለኝ። እሷ እዚያው ተቀምጣ!

ቃሉ አልተሰማትም። ፊቱን ግን አንብባዋለች። ስንመለስ መንገድ ላይ «ሁለተኛ ለኔ ትኬት አትግዢ» አለችኝ። ሌላም ቦታ ለምኜ ወስጃት ነበር። እዚያ ደግሞ ጆሮዋ ላይ ጮሁባት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ቴአትር የሚባል ነገር በቤታችን አልተነሳም።

ወደዚህኛው ቤት የሄድኩት ለራሴና ለልጄ ትኬት ልገዛ ነው። መስኮቱ ላይ ትንሽ ምልክት ተለጥፏል፤ የጆሮ ስዕል፣ አጠገቡ «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። እሷም «ለመስማት የሚቸገር ሰው አለሽ?» አለችኝ። ስለ እናቴ ነገርኳት። የሰለቸ ፊት ጠብቄ ነበር። ልጅቷ ግን ብዕሯን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ነገ ከልምምድ በፊት ይዘሻቸው ነይ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ረጋ ብለን እንሞክረዋለን» አለች።

እናቴን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ስንደርስ ልጅቷ በር ላይ ቆማለች። እኔን ሰላም ካለች በኋላ ዞር ብላ ከእናቴ ፊት ለፊት ቆመች። ሳትጮህ፣ ከንፈሯ በደንብ እንዲታይ አድርጋ «እማማ፣ የት መቀመጥ ይወዳሉ?» አለቻት። እናቴን ነው የጠየቀቻት! ከሐኪም ቤት እስከ ባንክ ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቀኝ፤ «እናትሽ ምን ይፈልጋሉ?» እያለ። ይህቺን አንዲት ጥያቄ መቼም አልረሳትም።

ማዳመጫው ላይ አንዲት ቁልፍ ነካች። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥታ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆመችና የወሩን ፕሮግራም ታነብ ጀመር። ወረቀቱን አፏ ላይ አድርጋዋለች፤ እናቴ ከንፈር እንዳታነብ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተሞከረ። ከዚያ ጥግ ላይ። ከዚያ መሃል። በየቦታው እየወረደች «እዚህስ እንዴት ነው፣ እማማ?» ትላለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። አንድም ጊዜ ፊቷ አልተኮሳተረም። አራተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ እናቴ እጇን አነሳች። የሰማችውን ቃል በቃል ደገመችው፤ «አርብ ማታ፣ ድምፅ አልባ ፊልም፣ ከፒያኖ ጋር።» ከዚያ ዝም አለች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ እንባዬን እንዳታይብኝ።

እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ። ወለሉ ዙሪያ የተዘረጋ ሽቦ አለ፣ የመድረኩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው ይልከዋል፣ ሳልና ሹክሹክታውን ያስቀረዋል፤ የገባኝ ይሄው ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ ማዳመጫዎች ላይ ይህን ድምፅ የሚቀበለው «ቲ» የሚባለው ነገር አብሮ ተሠርቶ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ባለሙያው ካልከፈተው አይሠራም። እኛ ለዓመታት ሳናውቀው ነው የኖርነው። የጆሮ ባለሙያችሁን ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት 1.5 ቢሊዮን የሚሆን ሰው የመስማት ችሎታው በሆነ መጠን ቀንሷል። በየቤቱ አንድ የኔ እናት አለች ማለት ነው።

ያን አርብ ሄድን። ፊልሙ ሲጀመር ልጅቷ ወጥታ አጭር ነገር ተናገረች። ሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ውስጥ ትኬት ቆርጠው ፊልም ሲያሳዩ ፊልሙ አይናገርም ነበር። ከዚያም ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ንግግሩ በጽሁፍ ይወጣ ስለነበር መስማት የተሳነውም የሚሰማውም እኩል ተቀምጦ እኩል ይስቅ ነበር። ድምፅ ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ የማይሰሙት ተመልካቾች ከአዳራሹ ወጡ። እናቴ ይህን ሁሉ ሰማች። ቤት ስንገባ ለወንድሜ ደውላ አንድ በአንድ ነገረችው።

የመድረክ ቴአትሩ ከመድረሱ ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ ልጅቷ ተዋንያኑ የሚናገሩትን የቴአትሩን ጽሁፍ በፖስታ አድርጋ ለእናቴ ሰጠቻት። «ቀድመው ያንብቡት፣ ሲጨርሱ ይመልሱልኝ፣ የሚፈልገው ሌላ ሰው አለ» አለቻት። እናቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በትርኢቱ ቀን ቀልዱ ሊመጣ ሲል ከኔ ቀድማ ትስቃለች። ክንዴን እየጎሸመች «አሁን፣ አሁን፣ ስሚ!» ትለኛለች። እኔን ስሚ ትለኛለች!

በመጪው ወር የከተማችን ልጆች ለወራት የተለማመዱት ኮሜዲ አለ። ለሕፃናት በአሻንጉሊት የሚቀርብ ትርኢት አለ። ንግግሩ ከስር በጽሁፍ የሚወጣበት የፊልም ምሽትም አለ። ስትገቡ ለምን ጽሁፍ ወጣ ብላችሁ አታጉረምርሙ፣ እባካችሁ። ከትልቅ ከተማ መድረክ በቀጥታ የሚተላለፍ ኦፔራም ይታያል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለሲኒማ ቤቶች ያስተላልፋል፤ የኛ ትንሽ አዳራሽም ይህን ማሳየት መቻሉ ያኮራኛል።

እባካችሁ ሂዱ። ቤት የዋለች እናት፣ «እኔ ምን ይሰማኛል ብላችሁ ነው» የሚል አባት ካላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። ቀደም ብላችሁ መስኮቷ ጋ ጠይቁ፤ ልጅቷ ጊዜ ትሰጣችኋለች። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ወንበሩም ያረጀ ነው። እንዲህ የሚያስተናግድ ሰው ግን የትም አላገኘሁም።

አንቺ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፣ እናቴ «እድሜ ይስጥሽ» ብላሻለች። ፕሮግራሙ ላይ ሦስት ቀን በብዕር ከብባለች። ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን፤ አራተኛውን ረድፍ ያዢልን።