ርካሽ ትኬት ለማን ነው ርካሽ? ከዱባይ እስከ ድሬ

ዱባይ ለምንኖር ሰዎች አዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቤትህ ድሬዳዋ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ከቦሌ በኋላ ሌላ መንገድ ይቀርሃል፤ እሱም በአውሮፕላን፣ በባቡር ወይም በባስ ነው፣ ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለው። ዘንድሮ ለእረፍት ስሄድ ከርካሽ ትኬት ጀምሬ እስከ ባቡር ድረስ ስለተጠቀምኩ፣ ከዚህ በፊት የማውቃቸውንም ጨምሬ፣ "የቱ ይሻላል?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ከዱባይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ኤምሬትስና ፍላይዱባይ አሉ። ከሻርጃ ደግሞ ኤር አረቢያ አለ። ርካሽ የሚባሉት ፍላይዱባይና ኤር አረቢያ ናቸው። ኤር አረቢያ በፈረንጆቹ 2003 ሲጀምር በአካባቢው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ አየር መንገድ ነበር፣ ፍላይዱባይ በ2009 ተከተለው። አሠራራቸው ግልጽ ነው። በዝቅተኛው ዋጋ የሚሸጡልህ ወንበሩን ብቻ ነው። ሻንጣ ለብቻ ይከፈላል፣ ምግብ ለብቻ፣ ወንበር መምረጥ ለብቻ፣ ቀን መቀየርማ አታንሱት። ማጭበርበር አይደለም፣ ስትገዛ ሁሉንም ይነግሩሃል። አንድ የእጅ ሻንጣ ይዞ ለስብሰባ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ግን አረብ አገር ያለ አበሻ መቼ ነው ባዶ እጁን አገር ቤት የገባው?

እኔ ቤት የጉዞ ሳምንት እንዲህ ነው። ሳሎኑ መሀል ሻንጣ ተዘርግቷል። ትንሿን የእጅ ሚዛን እጀታው ላይ አንጠልጥዬ አነሳለሁ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር ይወጣል። ኒዶው ይወጣና ሎሽኑ ይገባል። ሎሽኑ ይወጣና የአክስቴ የደም ግፊት መለኪያ ይገባል። የእማዬ ብርድ ልብስ ግን አይነካም፣ እሱ ከተነካ ባልሄድ ይሻለኛል። ይህን ሁሉ ጨርሼ ዚፑን ስዘጋ ስልክ ይጮኻል። "እህቴ፣ አንድ ትንሽ ነገር ነበረች፣ ወንድሜ ቦሌ መጥቶ ይቀበልሻል፣ ምንም አትከብድም።" ያቺ ትንሽ ነገር ስትመጣ አራት ኪሎ ናት። እምቢ በሉ እስቲ! ነገ እናንተም ልትልኩ ነው። (አደራ ስትቀበሉ ግን ከፍታችሁ እዩ፣ የፈለገ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣው የእናንተ ነው።)

እንግዲህ ሂሳቡ እዚህ ላይ ይዞራል። ፍላይዱባይ በዝቅተኛው ትኬት የሚፈቅደው 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ነው፣ ኤር አረቢያ 10 ኪሎ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በዓለም አቀፍ በረራው በአብዛኛው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ከትኬቱ ጋር ይሰጣል። ዘንድሮ ርካሹን ትኬት ገዝቼ፣ ኪሎ ጨምሬ፣ ምግብ አዝዤ ስደምረው ከኢትዮጵያው ጋር የነበረው ልዩነት ዱባይ ዴይራ ሰፈር አንድ ጥሩ ክትፎ ቢያበላ ነው። ያም ሆኖ የያዝኩት ኪሎ ከ46 በታች ነበር። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ትኬትን ከትኬት ጋር አታወዳድሩ። የምትይዙትን ኪሎ አስገብታችሁ የመጨረሻውን ድምር ከድምር ጋር አወዳድሩ። ኪሎውንም ቀድማችሁ ኦንላይን ግዙት፣ ሚዛኑ ፊት ቆማችሁ ስትገዙት ዋጋው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ያየሁትን ሳልናገር አላልፍም። ቼክ ኢን ሰልፉ ላይ ከፊቴ የነበረችው ልጅ ሰው ቤት ትሠራ የነበረች ናት፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አገሯ መግባቷ ነው። ትኬቱን የገዛችላት ማዳሟ ናት። ማዳም የገዛችው ደግሞ ዝቅተኛውን ነው፣ ኪሎ የሚባል ነገር የለበትም። ልጅቷ ይህን የሰማችው ሚዛኑ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የሰበሰበችው ዕቃ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ፣ ሠራተኛው "ወይ ክፈይ፣ ወይ አውጪ" ይላታል፣ ያውም በማትሰማው እንግሊዝኛ። ጃኬት በጃኬት ላይ ለበሰች። የሕፃን ጫማ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ከኋላ የነበርን ሰዎች የተረፈንን ኪሎ አካፍለናት፣ ጥቂቱን እኔም ይዤላት፣ ሌላው እዚያው ቀረ። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፣ የርካሾቹ ሕግ የሁሉም አንድ ነው። ግን ዘመድ ያላችሁ፣ ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት ትኬቱን ፎቶ አስነስታችሁ አስልኩና ኪሎ እንዳለው እዩላቸው። ከመሳፈራቸው በፊት መጨመር ይቻላል፣ በሩቅ ሆናችሁም ትከፍሉላቸዋላችሁ።

በረራው ራሱ ምን አለው መሰላችሁ፣ ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ጉልበቴ የፊተኛውን ወንበር ይነካል፣ ውኃም በገንዘብ ነው። አራት ሰዓት ስለሆነ ይቻላል። ፍተሻ ካለፋችሁ በኋላ ባዶ ኮዳችሁን ውኃ ሙሉ፣ ቆሎ ያዙ፣ አለቀ። የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ርካሹ ወንበር ብዙ ጊዜ ሰው በማይፈልገው ሰዓት ነው የሚገኘው። ሌሊት ቦሌ ተወርዶ ለድሬ በረራ እስኪነጋ መጠበቅ፣ ወይ ሆቴል መክፈል። ያም ከድምሩ ውስጥ ይግባ።

ካርጎስ? ዴይራ ውስጥ በኪሎ ተቀብለው አዲስ አበባ የሚያደርሱ ቢሮዎች ሞልተዋል። ከትርፍ ኪሎ ይረክሳሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ዕቃውን ቀድሞ ልኮ ራስን በእጅ ሻንጣ በርካሹ መጫን። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ "በሳምንቱ ይደርሳል" የተባለው ዕቃ የደረሰው እረፍቴን ጨርሼ ዱባይ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ብርድ ልብሱን እማዬ ስትከፍተው በቪዲዮ ነው ያየሁት። የማይቸኩል ዕቃ ከሆነ ይሁን።

ወደ ድሬ እንለፍ።

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመድቡት ባለ ፕሮፔለሩን ኪው 400 ነው። ድምፁ ትንሽ ይጮኻል እንጂ ምቾቱ አይከፋም። በሩ ሲከፈት የድሬ ወበቅ ፊትህን ሲመታህ ደረጃው ላይ ሆነህ ነው። ለሽማግሌ፣ ለሕፃን፣ ለታመመ ሰው ሌላ አማራጭ አታስቡ። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ ይህን ዕወቁ፤ ወደ አገር የገባችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡን ትኬት በቅናሽ ታገኛላችሁ። በሌላ አየር መንገድ ገብታችሁ ከሆነ ግን ሙሉውን ትከፍላላችሁ። ከዱባይ በርካሽ መጥቶ ያተረፉት ገንዘብ እዚህ ጋ ተመልሶ ይሄዳል። ሌላም አለ። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተገዙ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ የሚጠይቅላችሁ የለም። ትኬቱ አንድ ከሆነ አየር መንገዱ ራሱ በሚቀጥለው ያሳፍራችኋል።

ዘንድሮ እኔ ባቡሩን መረጥኩ፣ እውነቱን ለመናገር በናፍቆት ነው። ድሬን ድሬ ያደረጋት ባቡር ነው። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ መደበኛ ሥራ ጀመረ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) የቀድሞው ለገሃር መሀል ከተማ ነበር። የአሁኑ የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። ፉሪ ለቡ ማለት፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ከቦሌ አካባቢ በጠዋት በታክሲ ስትሄዱ የከፈላችሁት ከባቡሩ ትኬት ጋር መፎካከር ይጀምራል። በየቀኑም ስለማይነሳ ቀኑን ቀድማችሁ አጣሩ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርትም አትርሱ።

ከተነሳ በኋላ ግን ደስ ይላል። እግር ይዘረጋል፣ ተነስቶ ይኬዳል፣ ሽንት ቤት አለ። ሰው ያወራል። አጠገቤ የነበሩ እናት ከአዳማ ጀምሮ የልጆቻቸውን ታሪክ ነግረውኝ አዋሽ ስንደርስ ለኔ ባል መፈለግ ጀምረው ነበር። በመስኮቱ አዋሽ፣ ከዚያ ሜዳው፣ ግመሎቹ። ግመሎቹና ከብቶቹ ደግሞ ሐዲዱን የራሳቸው ነው የሚመስላቸው፣ ባቡሩ አንዳንዴ በነሱ ምክንያት ይቆማል። በኛም ጉዞ መሀል ሜዳ ላይ ቆመን ቆየን፣ ለምን እንደቆምን የነገረን ሰው የለም። ቢያንስ በማይክሮፎን አንድ ቃል ቢሉ ምን ነበረበት? ምግቡም ይህ ነው የሚባል አይደለም፣ ዳቦ በእንቁላል ከቤት ይያዝ። ሻንጣ ላይ ግን እንደ አውሮፕላን በግራም አይጨቃጨቁም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድሬ ሲደርስም ጣቢያው እንደ ድሮው ከዚራ ላይ አይደለም፣ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ባጃጆቹ ይህን ያውቃሉ። ዋጋ ስከራከር ልጁ ሻንጣዎቼን አይቶ ሳቀና "ኧረ አቦ! የድሬ ልጅ ነኝ ትያለሽ፣ በአዲስ አበባ አፍ ትከራከሪኛለሽ?" አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? የጠራውን ከፈልኩ።

ባሱን በአጭሩ ልለፈው። ሰላም ባስና ሌሎቹ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ይነሳሉ፣ ከድሮው የመናኸሪያ ግፊያ ጋር አይወዳደሩም። እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ሲጓዙ ሰው ሁሉ ይተኛል። ከአዋሽ በኋላ ወደ ጭሮ ሲወጣ ግን ጠመዝማዛው ይጀምራል፣ ሆድ የሚረብሻችሁ ሰዎች ከፊት ወንበር ያዙ። ሂርናን፣ ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ሐረር የሚሄደው ይቀጥላል፣ የኛ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጃኬትም እዚያው ይወልቃል። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ጉዞ ነው። ዋጋው ለኛ ድርሃም ለምንመነዝር ሰዎች በጣም ቀላል ነው፣ በተለይ ብር በሐምሌ 2016 (ይህኛው በኛ አቆጣጠር ነው) በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ። አገር ቤት ደመወዝ ለሚበላ ወንድሜ ግን ቀላል አይደለም። እና እንደኔ እንደኔ "ባስማ በነፃ ነው" እያላችሁ ሰው ፊት አታውሩ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ።

ታዲያ በሚቀጥለው ምን አደርጋለሁ? ስሄድ ሁለቱን ሻንጣ በሚሰጠኝ፣ እስከ ድሬ በአንድ ትኬት። ባቡሩን ለመመለሻ አላስበውም፣ ለሥራ መግቢያ ቀን ያለው ሰው መሀል ሜዳ ላይ መቆም አይችልም። ርካሹን የምይዘው ድንገት ለለቅሶ ወይ ለሠርግ በእጅ ሻንጣ ብቻ ከተነሳሁ ነው፣ ያኔ የሚያክለው የለም። ስመለስ ይቀለኛል እንዳልል ደግሞ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ከላዩ የድሬ ጣፋጮቹ ሙሸበኩና ሐሉዋው አለ።

አንድ ነገር ብቻ። የምትሄዱት በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ከሆነ፣ የታኅሣሡም ሆነ የሐምሌው 19፣ ይህን ሁሉ ማወዳደር ተዉት። አውሮፕላኑም፣ ባሱም፣ የድሬ ሆቴሉም ቀድሞ ይሞላል። ያገኛችሁትን ቶሎ ግዙ።