ዳማስ፣ አባዱላ ወይስ አይሱዙ? ለሥራችሁ የሚበቃው የቱ ነው

መኪና ሊገዛ የተነሳ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ዕቃው ይመዘን ባይ ነኝ። በየቀኑ የምትጭኑት ነገር ኪሎው ነው የሚከብደው ወይስ ቦታ ነው የሚፈጀው? ለገጣፎ፣ ገላን፣ ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚሠራ ሰው ምርጫው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ትንሹ ቫን ዳማስ ርዝመቱ 3.5 ሜትር አይሞላም። ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ገብቶ በቀላሉ ዞሮ ይወጣል። ለሱቆች ዳቦ፣ እንጀራ ወይም ብስኩት ለሚያከፋፍል ከሱ የተሻለ አላውቅም። ችግሩ የሚመጣው ከባድ ዕቃ ሲጫን ነው። የመሸከም አቅሙ ግማሽ ቶን ገደማ ነው፤ በዱቄት ቢሰላ አምስት ኩንታል። እሽግ ውሃ እንውሰድ። ባለ 2 ሊትሩ ስድስት ፍሬ 12 ኪሎ ይሆናል። 40 እሽግ ስትጭኑ 480 ኪሎ ሞላ ማለት ነው። ከኋላ ገና ቦታ አለ፤ መኪናው ግን በቅቶታል። «ትንሽ ጨምርበት» የሚል ረዳት የሚጎዳችሁ እዚህ ጋ ነው።

ከፍታውም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 800 ሲሲ የማይሞላ ሞተር ሙሉ ጭነት ይዞ እንጦጦን አልፎ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ከኋላ የተሰለፉት ሾፌሮች የሚሉትን መገመት አያቅትም።

አባዱላ የምንለው ቶዮታ ሃያስ አንድ ቶን ገደማ ይሸከማል። መደበኛው 4.7 ሜትር፣ ረጅሙ ሃይሩፍ (ጣሪያው ከፍ ያለው) ደግሞ 5.38 ሜትር ነው። ስፖንጅ ፍራሽ፣ ሶፍት፣ የልብስ ካርቶን፣ ማለትም ቀላል ሆኖ ቦታ ለሚፈጅ ዕቃ ረጅሙን ውሰዱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የኋላ በሩ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። መኪናውን ግድግዳ አስጠግታችሁ ካቆማችሁ አይከፈትላችሁም። በክረምት ግን ለጫኝና አውራጁ እንደ ጣሪያ ያገለግላል። ያገለገለ ከሆነ ወንበሩ ተነቅሎ ጭነት የተደረገ ሊሆን ስለሚችል ወለሉን ገልጣችሁ እዩ። ሊብሬው ላይ ምን ተብሎ እንደተመዘገበም አንብቡ።

አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና እንጂ ቫን አይደለም፤ ግን ውሃ፣ ሲሚንቶና ብረት ለሚነግድ ስለ ቫን ማውራቱ ራሱ ጊዜ ማጥፋት ነው። 20 ከረጢት ሲሚንቶ አንድ ቶን ነው፤ አባዱላው በዚያው ሞላ። 6 ሜትር ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ደግሞ የትኛውም ቫን ውስጥ አይገባም። ወደ መሀል ከተማ የምታደርሱ ከሆነ ግን የጭነት መኪና የሰዓት ገደቡን አስቀድማችሁ አጣሩ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ቫንም ገበያው ላይ በዝቷል። ሻጩ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ሲላችሁ ጭኖ ነው ወይስ ባዶውን ብላችሁ ጠይቁ። ጭነትና ዳገት ባትሪውን ቶሎ ይጨርሱታል። ማታ የምታሳድሩበት ግቢ መብራት በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ሥራ ትፈታላችሁ።

መጠኑን ስትመርጡ የዘወትሩን ጭነት አስቡ እንጂ የበዓል ሰሞኑን አይደለም። ለፋሲካ ዋዜማ ብሎ ትልቅ መኪና የገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቦታ እያመላለሰ ነዳጅ ይከፍላል። ለዚያ ሰሞን አይሱዙ መከራየት ይረክሳል።