የቆዩ ተከታታይ ፊልሞች በሰፊ ስክሪን፦ የቱ ቅጂ ይገዛ፣ የቱ ይቅር?

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ፊልም የሚጭን ቤት ገብታችሁ የቆየ ተከታታይ ፊልም ስትጠይቁ አንዳንዴ ሁለት ቅጂ ይወጣላችኋል፦ አንዱ ስክሪኑን ጥግ እስከ ጥግ የሚሞላ፣ ሌላው ግራና ቀኙ ጥቁር የሆነ። እጅ የሚሄደው ወደ ሞላው ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው እሱ ነው።

እስከ 2000 አካባቢ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አብዛኛው የቴሌቪዥን ሥራ የተቀረጸው 4 ለ 3 ለሆነ ስክሪን ነው። የዛሬው ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ነው። አሮጌውን ወደ አዲሱ ልክ የሚያመጡት በሦስት መንገድ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ከሆነ ነጋቲቩ (ካሜራው መጀመሪያ የቀረጸበት ፊልም) ላይ ያኔ ያልታየ ጎን ሊኖር ስለሚችል እሱ ይከፈታል። ያ ከሌለ ከላይና ከታች ይቆረጣል፤ በዚህ ብቻ ስክሪኑን ለመሙላት የቁመቱ አንድ አራተኛ መሄድ አለበት። ሦስተኛው መወጠር ነው፤ ሰዉ ሁሉ ድንክና ወፍራም ሆኖ ይታያል፣ ይህን በነፃም አትቀበሉ። በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸ ሥራ የሚከፈት ጎን የለውም። ምስሉ ከተሠራበት 576 አግድም መስመር ተቆርጦ 432 ይቀራል፤ ያ በ43 ኢንች ላይ ሲዘረጋ መደብዘዙ አይቀርም። የድሮ የኢቲቪ ድራማዎች ዩቲዩብ ላይ «ሰፍተው» ሲጫኑ የሚበላሹትም በዚሁ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ሰፊ ነው ወይ?» ሳይሆን «ከምን ሰፋ?» መሆን አለበት።

«ፍሬንድስ» ላይ ምርጫው ከባድ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ስለሆነ በ2012 የወጣው ብሉሬይ (ከዲቪዲ የበለጠ ጥራት የሚይዝ ዲስክ) ጎኑን ከፍቶ እውነተኛ ተጨማሪ ምስል ሰጥቷል፤ ጥራቱም ከዲቪዲው ጋር አይወዳደርም። ግን የተከፈተው ጎን ያኔ ይታያል ተብሎ ስላልታሰበ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ በተዋናዩ ፋንታ የቆመ ሌላ ሰው ዳር ላይ ብቅ ይላል። ሌላም አለ፦ የአሜሪካው ዲቪዲ በስርጭት ጊዜ የተቀነሱ ትዕይንቶችን ይዟል፣ ብሉሬዩ ግን በቴሌቪዥን የታየውን አጭሩን ነው የያዘው። ለምስሉ ብሉሬይ፣ ለቀልዱ ሙሉነት ዲቪዲ። ለቤተሰብ የሚገዛ ሰው ብሉሬዩን ቢወስድ አይቆጭም።

«ዘ ዋየር» በ4 ለ 3 ቀርቦ በ2014 መጨረሻ ወደ ሰፊ ተቀየረ፣ በ2015 በብሉሬይ ወጣ። ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን ሥራውን ተከታትሎታል፤ አንዳንዱ ትዕይንት እንዳተረፈ፣ አንዳንዱ እንደከሰረም ራሱ ጽፏል። ሁለቱም ቅጂ ይገዛል። የ2015ቱ «ዘ ኤክስ ፋይልስ» ብሉሬይም ሰፊ ነው፤ ጨለማ የሚበዛበት ፊልም ስለሆነ የጥራቱ ልዩነት ጎልቶ ይታያል፣ ያለ ማመንታት ውሰዱት።

«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ከሁሉም በላይ በክብር የተሠራው ነው። ከ2012 እስከ 2014 በብሉሬይ ሲወጣ ከዋናው ፊልም እንደገና ተነሥቶ፣ ልዩ ምስሎቹ እንደገና ተቀነባብረው፣ ቅርጹ ግን 4 ለ 3 እንደሆነ ቀርቷል። ጎኑ ቢከፈት የቀረጻው ዕቃ ይታይ ነበር። «ሰፊ ነው» ተብሎ የቀረበላችሁ ቅጂ ካለ ሌላ ሰው የቆረጠው ነው፤ ተዉት።

«ባቢሎን 5» ደግሞ ተዋናዮቹ ለሰፊ እንዲመች ተቀርጸው፣ በኮምፒውተር የተሠሩት የጠፈር ምስሎች ግን በ4 ለ 3 ብቻ ነው የተዘጋጁት። ሰፊው ዲቪዲ እነዚህን ቆርጦ ስላጎላቸው፣ ሰው ሲያወራ ጥርት ያለው ምስል መርከብ ሲመጣ ድንገት ጭጋግ ይሆናል፤ ተዋናይና ኮምፒውተር የተደባለቁበት ላይማ በአንድ ንግግር መሃል ይቀያየራል። በ2023 መጨረሻ የወጣው ብሉሬይ ወደ 4 ለ 3 ተመልሷል። የሚገዛው እሱ ነው።

የማይገዙት ቅጂዎች እነዚህ ናቸው። «ሳይንፌልድ» በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ በሰፊው ሲቀርብ፣ ስለ መንገድ ጉድጓድ በሚያወራው ክፍል ጉድጓዱ ራሱ ከምስሉ ውጭ ቀረ። «ባፊ» በኤችዲ የተሰራጨው ሰፊ ቅጂ የቀረጻ ሠራተኛና መብራት ያሳያል፣ በቀን ተቀርጾ በቀለም ወደ ሌሊት የተቀየረውም ትዕይንት ተመልሶ ቀን መስሏል፤ የመጀመሪያዎቹን ሲዝኖች ከዲቪዲ የተቀዳ 4 ለ 3 ፈልጉ። የ«ድራጎን ቦል ዚ» ከ2007 ጀምሮ የወጣው ባለ ብርቱካንማ ሳጥን ዲቪዲ ከላይና ከታች የተቆረጠ ነው፤ «ድራጎን ቦክስ» የሚባለው የዲቪዲ ስብስብ ሙሉውን ይዟል።

ፍላሽ ላይ ከማስጫናችሁ በፊት ፋይሉን በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» ውስጥ እዩ። የምስሉ ስፋትና ቁመት 1440 በ1080 ወይም 960 በ720 ከሆነ 4 ለ 3 ነው። 1920 በ1080 ወይም 1280 በ720 ከሆነ ወይ ሰፊ ነው፣ ወይ ጥቁሩ አብሮ የታተመበት 4 ለ 3 ነው፤ ከፍታችሁ ካላያችሁ አይለይም። ስትከፍቱ የመግቢያውን ጽሑፍና በቅርብ የተነሣ ፊት እዩ፤ ግንባር ከተቆረጠ፣ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ ከተጣበቀ ተቆርጧል። ሳህን ወይም የግድግዳ ሰዓት ሞላላ ከሆነ ተወጥሯል። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው «ፋት 32» በሚባለው ዓይነት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ጥቁሩ የሚያስቀረውን በቁጥር ለሚፈልግ፦ 4 ለ 3 ምስል በ32 ኢንች ላይ 26 ኢንች፣ በ43 ላይ 35 ኢንች ያህል ይሆናል። ትክክለኛውን ገዝታችሁ ቤት ስትደርሱም ቴሌቪዥኑ «ዙም» ላይ ከሆነ እዚያው ይቆርጠዋል፤ በሪሞት «ፒክቸር ሳይዝ» ገብታችሁ «ኦቶ» ወይም «ኦሪጅናል» አድርጉት።

ዘመድ ከጂዳ ወይም ከዱባይ ዲስክ የሚልክላችሁ ከሆነ፣ የዚያ ዲቪዲ ሪጅን (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንዲጫወት እንደተፈቀደ የሚያሳይ ኮድ) 2 ሲሆን የኢትዮጵያ 5 ነው፤ ማጫወቻችሁ ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ መሆኑን አረጋግጡ። በብሉሬይ ግን እነሱም እኛም «ቢ» ነን፤ የሚያስቸግረው የአሜሪካው «ኤ» ነው። የ4ኬ ዲስክ ሪጅን የለውም፣ የራሱን ማጫወቻ ግን ይፈልጋል። ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ብሉሬይን ጨርሶ አያነብም፤ ስለዚህ ዲስኩን ከማስላካችሁ በፊት ቤት ያለውን ማጫወቻ እዩ።