ለቬተራን ክሌም ገንዘብ አትክፈሉ፦ ባለቤቴን ለረዱት ሴት ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ክሌም ማለት በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው (ቬተራን) በአገልግሎቱ ምክንያት ለመጣበት ሕመም ከመንግሥቱ የቬተራኖች መሥሪያ ቤት (ቪኤ) የሚጠይቀው ካሳ ነው። ይህን የምጽፈው ባለቤቴ «ጻፊው፣ ሌላውም ይጠቀምበት» ስላለኝ ነው። በአሜሪካ ጦር ያገለገላችሁ፣ ወይም ያገለገለ ባል፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ያላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለቤቴ ጦሩን የተቀላቀለው ማቭኒ በሚባለው፣ ተፈላጊ ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ዜጎችን በሚቀበለው ፕሮግራም ነው፤ ያኔ አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። አፍጋኒስታን፣ ባግራም ላይ የጄኔሬተር መካኒክ ሆኖ ሠራ። እዚያ የካምፑ ቆሻሻ፣ ፕላስቲኩም ምኑም ሳይለይ፣ ሜዳ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቃጠል ነበር፤ ጭሱ መኝታቸው ድረስ ይገባል። ከተመለሰ በኋላ አስም ያዘው። ጆሮው ቀን ከሌሊት ይጮህበታል። እንቅልፍማ ተዉት። ክሌም አስገባ ስለው ግን «እግራቸውን ያጡ ልጆች እያሉ እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ» ይለኝ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ድርጅት ደወለ። ጥሩ ሬቲንግ (የክፍያውን መጠን የሚወስን የጉዳት መቶኛ) እናስወጣልሃለን፣ ሲፈቀድልህ የበርካታ ወር ክፍያህን ለእኛ ትሰጣለህ የሚል ውል ላኩለት። ሊፈርም ሲል ነው ቤተክርስቲያን የምናውቀው አንድ ቬተራን «ኧረ እንዳትፈርም!» ብሎ ወደ ቨርጂኒያ የቬተራኖች አገልግሎት መሥሪያ ቤት የላከን። የመጀመሪያ ክሌም ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያወቅነው እዚያ ነው። የስቴቱ ሠራተኞች በነፃ ይሠሩላችኋል። ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊው እና አሜሪካን ሊጅን የሚባሉት የቬተራኖች ማኅበራትም እንዲሁ በነፃ ነው የሚረዱት።

የተቀበሉን ሴት ራሳቸው የባህር ኃይል ቬተራን ናቸው። ስሜን አታውጪ ስላሉኝ አላወጣም። ገና ቁጭ ሳንል ያደረጉት ነገር «ኢንቴንት ቱ ፋይል» የሚባለውን ማስገባት ነበር። ክሌም ላስገባ አስቤያለሁ ብሎ ቀን ማስያዝ ማለት ነው። ከዚያ ማስረጃ ለመሰብሰብ አንድ ዓመት አላችሁ። ጃንዋሪ ላይ ቀን አስይዛችሁ ክሌሙን ኖቬምበር ላይ ብታስገቡ፣ ሲፈቀድ የሚታሰብላችሁ ከጃንዋሪው ቀን ጀምሮ ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ የወራት ገንዘብ የሚቀርበት ሰው አለ።

አስሙን በተመለከተ ፓክት አክትን አስረዱን። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመ ሕግ ነው፤ በሳንባ ካንሰር በሞተው በሳጅን ሂዝ ሮቢንሰን ስም የተሰየመ። ባግራም ከነበርክና አስሙ ከአገልግሎት በኋላ በሐኪም ከተረጋገጠ፣ ጭሱ እንዳመጣብህ ማስረዳት አይጠበቅብህም፤ ሕጉ ራሱ እንደዚያ ይቆጥረዋል። አፍጋኒስታን ብቻም አይደለም፤ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲም አሉበት። ከሕጉ በፊት ጠይቃችሁ የተከለከላችሁ ካላችሁ እንደገና ማስገባት ትችላላችሁ።

የጆሮው ግን ማስረጃ ይፈልግ ነበር። የሕክምና ፋይሉን ገጽ በገጽ፣ በቢጫ ማርከር እያቀለሙ አገላበጡት። በመጨረሻ ባግራም እያለ «ጆሮዬ ይጮሃል» ብሎ የተናገረበትን፣ ነርስ በእጇ የጻፈችውን ሁለት መስመር አገኙ። ባለቤቴ ራሱ ረስቶታል።

እኔንም የምስክርነት ቃል አጻፉኝ። ስንት መከራ እንዳየን፣ ምን ያህል ጀግና እንደሆነ ጽፌ ወሰድኩላቸው። አንብበው «ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን በዓይንሽ ያየሽውን ጻፊልኝ» አሉኝ። ሌሊት ተነስቶ የበሩን ቁልፍ ደጋግሞ እንደሚያይ፣ ጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እንደሚቆይ፣ የልጃችን ልደት ላይ ሰው ሲበዛ ወጥቶ መኪና ውስጥ እንደሚቀመጥ ጻፍኩ። እሱ ሲያነበው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ለአእምሮ ጤና ሐኪም ልታይ ያለው፤ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት) ነው ተባለ። በዚህ ብቻ ሴትየዋን ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ቪኤ ክሌሙን ለመወሰን ለሚያደርገው የሐኪም ምርመራ ባለቤቴን ያዘጋጁበት መንገድ ነው። እኛ ሐበሾች እንዴት ነህ ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሳችን፤ እየታመምንም ቢሆን። የቪኤ መርማሪ ፊት እንዲህ ካልክ ደህና ነው ተብሎ ይጻፋል። «አትጨምር፣ አትቀንስም፤ የባሰብህ ቀን ምን እንደምትሆን ንገራቸው» አሉት። አልቻልኩም ማለት ለሚያፍር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ እኔ እየጠየቅኩት፣ እሱ እየመለሰ ተለማመድን።

ውጤቱ ሲመጣ ለፒቲኤስዲው 50፣ ለአስሙ 30፣ ለጆሮው 10 በመቶ ሆነ። ተደምሮ 90 እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ የሚሰላው ከቀረው ጤናህ ላይ ስለሆነ ጠቅላላው ተጠጋግቶ 70 ነው። ክፍያው ታክስ የለበትም። ከ30 በመቶ ጀምሮ ደግሞ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ይጨመራል፤ ስማቸውን ማስመዝገብ እንዳትረሱ።

ሌላ ስቴት ያላችሁም ቪኤ ድረ ገጽ ላይ እውቅና ያላቸውን ወኪሎች መፈለጊያ አለ። የሚረዳችሁ ሰው ስሙ እዚያ ከሌለ ምንም አትፈርሙ። ስትሄዱ ዲዲ 214 (ከጦሩ ስትሰናበቱ የተሰጣችሁ ወረቀት) እና የሐኪም ወረቀቶቻችሁን ያዙ። ሌሊቱ የከበደበት ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ 988 (የአስቸኳይ ጊዜ የአእምሮ ጤና ስልክ) ደውላችሁ ለቬተራኖች 1 ን ተጫኑ፣ በማንኛውም ሰዓት ያነሳሉ።

እሳቸው አማርኛ ባያነቡም ባለቤቴ ተርጉሞ ያነብላቸዋል። እማማ፣ ባለቤቴን እንደ ልጅዎ ነው የያዙልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ልጆችዎን ይባርክልዎ።