ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪና ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር፦ ክረምቱን ካለፍንበት በኋላ

ቤቴ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚለውጥ ዕቃ) መግባቱን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት ሰዓት ይይዛል?» ብሎ ነው። ሻጩም «ስምንት ሰዓት አትጠራጠር» ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ ምን እንደምሰካበት ግን አልጠየቀኝም። ክረምቱን ሙሉ ከተጠቀምኩበት በኋላ ለሚገዛ ሰው የማስቀድምለት ጥያቄ ሌላ ነው፦ መብራት ሲመጣ በስንት ሰዓት ይሞላል?

ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ዓይነት ነው፤ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት። ኢንቨርተሩ ንጹህ ሳይን ዌቭ (ከመስመር የሚመጣውን መብራት የመሰለ ኃይል የሚያወጣ)፣ 1000 ዋት፤ በውስጡ 10 አምፔር ቻርጀር አለው። አንዱ ዕቃ ሱቅ በተቀየረ ቁጥር ሌላ ስም ለጥፎ ስለሚገኝ ብራንዱን ትቼዋለሁ፤ ጎኑ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ይበቃሉ። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በረንዳ ላይ ጀነሬተር ማስነሳት ከጎረቤት መጣላት ስለሆነ እሱን አላሰብኩትም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አምፔር ሰዓት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በቮልቱ ማባዛት ያስፈልጋል። 100 በ12.8 ሲባዛ 1280 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ የመብራት ሒሳብ በምንከፍልበት መለኪያ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። ባትሪው ተሟጦ እንዳያልቅ 10 በመቶ እተውለታለሁ። ኢንቨርተሩም የባትሪውን ዲሲ ሶኬት ላይ ወደሚወጣው 220 ቮልት ኤሲ ሲለውጥ የተወሰነውን በሙቀት ያባክናል። ሶኬቱ ጋ የሚደርሰው እንግዲህ 1000 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በነገራችን ላይ፣ ኪስ ውስጥ የምንይዘው ፓወር ባንክ ላይ «20,000» ተጽፎ ሲያዩ ከ100 ይበልጣል ብለው የሚከራከሩ አጋጥመውኛል። እሱ በሚሊአምፔር ሰዓት፣ ያውም በ3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው፤ ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ብቻ ይወጣዋል።

እኛ ቤት ማታ የሚበሩት አራት ባለ 9 ዋት አምፖሎች፣ የዋይፋይ ራውተሩና 32 ኢንች ቴሌቪዥኑ ናቸው። በአንድ ላይ ወደ 90 ዋት ይስባሉ፤ በዚህ አያያዝ ለ11 ሰዓት ያህል እንቆያለን። ፍሪጁ ሲጨመር ነገሩ ይቀየራል። መለያው ላይ 120 ዋት ይላል፤ ሞተሩ ግን ይነሳል ይጠፋል እንጂ ሁልጊዜ ስለማይሠራ በአማካይ የሚወስደው 50 ዋት ገደማ ነው። እሱን ይዘን ሰባት ሰዓት። የሻጩ ስምንት ሰዓት እዚህ መሃል ነው የሚወድቀው፤ ውሸት አልተናገረም፣ በዕድል ገጠመለት እንጂ። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመለያው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ 300 ወይም 500 ዋት ኢንቨርተር ገዝታችሁ ፍሪጅ ልታስነሱ ብትሞክሩ ሊጮህባችሁ ይችላል። እኔ ግን መብራት እንደጠፋ ፍሪጁን እነቅለዋለሁ። በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የምሰካው መጥፋቱ ከዚያ ካለፈ ብቻ ነው።

ምጣዱን አትጠይቁኝ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሁሉም ስለሚጠይቅ ልመልስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ይህ ኢንቨርተር አይሸከመውም። በትልቅ ኢንቨርተር ብንሞክረው እንኳ የባትሪው ጉልበት በ17 ደቂቃ ያልቃል፤ ምጣዱ ግሎ ጥቂት እንጀራ ሳይወጣለት ማለት ነው። ካውያና የውሃ ማፍያም እንደዚያው ናቸው። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ከዚህ ባትሪ ጋር አይሄድም።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ነው። ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ብቻ፣ የእኔው 15 ዋት ያህል ይወስዳል። ቴሌቪዥንና መብራት ሲበራ ይህ አይታወቅም። ሌሊት ለራውተሩ ብቻ ሲባል በርቶ ሲያድር ግን 10 ዋት ለሚስብ ዕቃ 25 ዋት ከባትሪው ይወጣል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለኢንቨርተሩ ቀለብ ነው። ስለዚህ ለራውተሩ ከባትሪው ቀጥታ መስመር አወጣሁለት። የብዙ ራውተር አዳፕተር 12 ቮልት ዲሲ ነው፤ የእናንተ መሆኑን ጀርባው ላይ አንብቡ። ባትሪው ሲሞላ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ መሃሉ ላይ 12 ቮልት አድርጎ የሚያወጣ ሬጉሌተርና ትንሽ ፊውዝ ገብቷል። አሁን ሌሊት ኢንቨርተሩ ይጠፋል፣ ዋይፋዩ ያድራል።

ወደ ቻርጀሩ ልመለስ። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ይገባዋል፤ ሮቶው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ውሃ የምትመጣው ለሁለት ሰዓት ከሆነና ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ሮቶው ግማሽ እንኳ አይደርስም። የእኔም ባትሪ እንደዚያ ነው። በ10 አምፔር ባዶው ባትሪ እስኪሞላ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መብራቱ ከሰዓት ጠፍቶ ማታ መጥቶ ሁለት ሰዓት ብቻ ቆይቶ ከሄደ የገባው 20 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያን ማታ በእጄ ያለው ባለ 100 ሳይሆን ባለ 20 ባትሪ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ አያሳስብም። ሄድ መለስ በሚልበት ሰፈር ግን ሁለተኛ ባትሪ መደረብ ምንም አይፈይድም፤ እሱንም የሚሞላው ያው ቀጭን ቧንቧ ነው።

ሻጩ ያላሳየኝ ከኋላ ያለች ማብሪያም አለች፤ አንዱ በኩል «ዩፒኤስ» (ጠባብ ቮልቴጅ ብቻ የሚቀበል)፣ ሌላው ሰፋ ያለ ቮልቴጅ የሚቀበል። ዩፒኤሱ ላይ ስትሆን ማታ ሁሉም ምድጃ ሲለኩስና ቮልቴጁ ከ170 በታች ሲወርድ ኢንቨርተሩ መብራት የጠፋ መስሎት ወደ ባትሪ ይዞራል። ጎረቤት መብራት እያለው የእኛ ባትሪ ሲያልቅ የነበረው በዚህ ነው። ማብሪያዋን ወደ ሰፊው ካዞርኩ በኋላ ቆመ። ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግን ዩፒኤሱ ይሻላል፤ የሚዞረው ቶሎ ነው።

ኢንቨርተሩ ላይ ያሉትን የባትሪ መብራቶች አትመኑ። እነሱ የሚያዩት ቮልት ነው፤ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ቮልት ደግሞ ለረጅም ጊዜ 13 አካባቢ ቆሞ መጨረሻ ላይ በድንገት ይወድቃል። ሦስት መብራት ሲያሳይ ቆይቶ ድርግም ይላል። በሻንት (መስመር ላይ ገብቶ የሚያልፈውን አምፔር በሚለካ ቁራጭ) የሚሠራ፣ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ትንሽ ሜትር ገዝቼ ኔጌቲቩ መስመር ላይ አስገጠምኩ፤ ለዚህ ቤት ከገዛሁት ሁሉ በዋጋው ያልቆጨኝ እሱ ነው። በእሱ ስለካው ባትሪው ከወራት በኋላም የተጻፈበትን 100 አምፔር ሰዓት ይሰጣል። ሜትር የሌለው ገዢ ቢያንስ ያንሳው፤ ባለ 100 የሆነ የዚህ ዓይነት ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። በጣም ከቀለለ ውስጡ የተጻፈውን ያህል ሴል የለም ማለት ነው።

ከአሲድ ባትሪ ጋር ለሚያወዳድሩ፦ እዚያ ላይ የሚጻፈው 100 አምፔር ሰዓት በ20 ሰዓት ቀስ ተብሎ ሲወጣ ነው፤ በኃይል ሲሳብ ያንሳል። ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ክብደቱም ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ሲገዙት ግን ይረክሳል፤ በሳምንት አንዴ ለሚጠፋበት ቤት እኔ እንኳ አሲዱን ነበር የምለው።

«ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያምጣልኝ» የሚለው ሐሳብ ለዚህ አይሠራም። በአውሮፕላን ከመንገደኛ ጋር የሚፈቀደው ሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160 ነው፤ ይሄ ስምንት እጥፍ ያልፋል። በጭነት ቢመጣ እንኳ የዚያው ገበያ ኢንቨርተር የሚያወጣው 120 ቮልት ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ማራገቢያው ይጮሃል፤ መኝታ ክፍል የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ አብሮ የመጣው ገመድም ቀጭን ነበር። በ1000 ዋት ላይ ወደ 90 አምፔር ስለሚያልፍበት ይሞቅ ነበር፤ ኤሌክትሪሺያኑ በወፍራምና በአጭር ቀይሮ ባትሪው አፍ ላይ ፊውዝ አስገባበት።

አሁን የምፈልገው ለብቻው የሚቆም ባለ 30 አምፔር ቻርጀር ነው። ባትሪው እስከ 50 ይቀበላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ በ30 ከሦስት ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ይሞላል። ሱቅ ውስጥ ስጠይቅ የሚያሳዩኝ አብዛኛው የአሲድ ባትሪ ቻርጀር ነው። እኔ የምፈልገው 14.4 ወይም 14.6 ቮልት ላይ የሚቆም፣ ባትሪ «ለማደስ» እያለ ቮልቱን ከዚያ በላይ የማያወጣ ነው፤ እስካሁን አላገኘሁም።