ሴሊካ ወይስ ጎልፍ ጂቲአይ? ትዳር ይዞ ስፖርት መኪና ለሚወድ

ደብረ ብርሃን ያሉ ጓደኞቼ ካገቡ በኋላ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስፖርት መኪና ብገዛ ከቤት ያጣላኛል?» ባለ አምስት በር ከሆነ አያጣላም። ስለዚህ ከቶዮታ ሴሊካ ይልቅ ባለ አምስት በሩን የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ግዙ እላለሁ።

ሴሊካ ታምራለች። ግን የጎን በሮቿ ሁለት ብቻ ናቸው። ሕፃን ከኋላ ለማስቀመጥ የፊቱን ወንበር አጥፎ መጎንበስ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ጻድቃኔ ማርያም ልድረስ ቢሉስ? በዚያ ቀዳዳ አይገቡም። ሚስት የምታኮርፈው በዚህ ነው እንጂ በፍጥነቱ አይደለም።

ዋጋ ላይ ሴሊካ ትረክሳለች። እኔ ስጠይቅ ደላሎቹ ለጂቲአይ 300 ሺህ ብር ያህል ጨምረው ነው የጠሩልኝ። የመጨረሻዋ ሴሊካ 1.8 ሞተሯ ኮሮላ ላይም ስላለ የሞተር ዕቃ አይቸግርም። መብራቷና ባምፐሯ ግን ከኮሮላ አይገኝም፤ አንድ ግጭት ያተረፋችሁትን ይበላዋል። የዚህችው ሞዴል የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች ደግሞ የሞተር ዘይት ይጠጣሉ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የጂቲአይ ቱርቦ አብዛኛውን ይመልሰዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ፍሬን! አንድ መካኒክ «ኦርጅናል ነው» ብሎ በ3,500 ብር የፍሬን ሸራ ገጠመልኝ። ኮፒ ነበር። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ መሽተት ጀመረ፣ ፔዳሉም ላላ። ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ ነበሩ። ኦርጅናሉ ሦስት እጥፍ ነው፤ አሁን ለእሱ ብር የምታስቀምጠው ባለቤቴ ናት። ኮፒው ለማንኛውም መኪና ይሸጣል፣ ፈጣን መኪና ላይ ግን ፈጽሞ እንዳታስገጥሙ።

ጂቲአይ ስትመርጡ ማንዋሉን አስቀድሙ። ባለ ስድስት ማርሹ ዲኤስጂ (አውቶማቲኩ) ካምቢዮ ዘይቱ በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ሻጩ ደረሰኝ ከሌለው እለፉት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሻጮች ዋጋ ለመቀነስ አይቸኩሉም። ቀብድ ሳትሰጡ የጣርማበርን አቀበት ንዱት። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ (ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው)፣ የጥገናው ወጪ ከዋጋው ሳይቀነስ ውል አትፈርሙ።