ቀነኒሳን እስከ መጨረሻው ያሳየችን የደብረ ማርቆስ ቡና ቤት

በደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ በበሯ ላይ ስም ያልተጻፈባት፣ ደንበኞቿ «የእትዬ ቤት» የሚሏት አንዲት ምግብና ቡና ቤት አለች። ተጋቢኖዋ በሸክላ ድስት እየፈላ ይቀርባል፤ እንጀራዋም የዕለት ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በኒቆዲሞስ እሑድ፣ እዚያ ያየሁት ነው።

ከቅዳሴ መልስ ምሳ ልበላ ስገባ የለንደን ማራቶን በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። የከሰዓቱን የእንግሊዝ ኳስ የሚጠብቁ ወጣቶች ጣቢያው እንዲቀየር ደጋግመው ቢጠይቁም እትዬ «ልጆቼ፣ ኳሱ ይደርሳል፤ ይህ ልጅ ሳይገባ አልነካውም» ብለው ሪሞቱን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። «ይህ ልጅ» ያሉት የ41 ዓመቱን ቀነኒሳ በቀለን ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀውን፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ያመለጠውን፣ ጉዳት ለዓመታት ያንገላታውን ሰው። ከኬንያዊው አሌክሳንደር ሙቲሶ ጋር ብቻቸውን ሲቀሩ ኳስ ሲጠይቁ የነበሩት ልጆች ራሳቸው ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሙቲሶ ተፈትልኮ ወጥቶ በ2:04:01 ሲያሸንፍ፣ ቀነኒሳ በ2:04:15 ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ ዕድሜያቸው 40 ከሞላ ሯጮች መካከል እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን እንዲህ ፈጥኖ የጨረሰ አልነበረም። የተለያዩት በ14 ሰከንድ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ውስጥ ከዱካዬ ተነሥቼ እስከ በሩ እንኳ አልደርስም።

እትዬ ለሁሉም አቦሉን አስከፍለው፣ «ሁለተኛ ስለወጣልን» ብለው ቶናውን በነጻ ቀዱልን። ከቀነኒሳ በአምስት ዓመት የምበልጥ፣ ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ሩጫ ከተውኩ ዓመታት ያለፉኝ መምህር ነኝ፤ በማግስቱ ማለዳ የተቀመጠ ጫማዬን አራግፌ ወጣሁ፤ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ብቆምም እስከ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን በሙሉ ያለ ሩጫ ያሳለፍኩበት ጊዜ የለም።

ቤቷ ጉድለት አላት። ቴሌቪዥኑ ከመስኮቱ ትይዩ ስለተሰቀለ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ምስሉን ያጠፋዋል፤ አስተናጋጇ አንዲት ብቻ በመሆኗም ሰው ሲበዛ ምግቡ ይዘገያል። ማራቶን ባለበት እሑድ መሄድ የሚፈልግ ሰው ከስድስት ሰዓት በፊት ደርሶ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ያለውን መደብ ቢይዝ መልካም ነው፤ ከዚያ ሆኖ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቡናውም እዚያው አጠገብ ይፈላል።